ዲዝኒላንድ ከኮሮና በኋላ፦ ስለ ዋጋና ቅናሽ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሎስ አንጀለስ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ደመወዝ የሌለው አስጎብኚ ነው። እንግዳ ሲመጣ ፌርፋክስ ላይ ክትፎ ይጋብዛል፣ ሳንታ ሞኒካ ወስዶ ባሕሩን ያሳያል። ልጆች ካሉ ደግሞ ያቺ ጥያቄ አትቀርም፦ «ዲዝኒላንድስ?» ስልክ ይወጣል፣ ዋጋው ይታያል፣ ሳሎኑ ጸጥ ይላል።

ባለፉት ዓመታት ከዘመድም ከወዳጅም የተጠየቅኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የመግቢያ ዋጋ ስጠቅስ ለአንድ አዋቂ፣ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ፓርክ ማለቴ ነው። ሌላ ሲሆን እናገራለሁ።

በኮሮና ጊዜ ለምን ያህል ጊዜ ተዘግቶ ቆየ?

ማርች 14፣ 2020 ተዘጋ። የተከፈተው ኤፕሪል 30፣ 2021 ነው። 412 ቀን ማለት ነው። ፓርኩ በ1955 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሳይታሰብ በሩን የዘጋባቸው ጊዜያት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲገደሉ፣ በ1994ቱ የኖርዝሪጅ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ ሴፕቴምበር 11፣ 2001። ከዓመት በላይ መዘጋት ታይቶ አያውቅም።

የፍሎሪዳው ዲዝኒ ወርልድ በጁላይ 2020 ተከፍቷል። ካሊፎርኒያ ግን አልፈቀደችም። ሴፕቴምበር 2020 ላይ ኩባንያው 28,000 ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ጃንዋሪ 2021 ላይ ደግሞ አንዱ የመኪና ማቆሚያ የክትባት መስጫ ሆነ። የሚኪ ማውስ ሥዕል ባለበት ግቢ መርፌ የተወጋ ብዙ የአገራችን ሰው አውቃለሁ።

ከዚያ በማርች 2021 የሆነውን ልብ በሉልኝ። መጫወቻዎቹ ገና አልተፈቀዱም። ካሊፎርኒያ አድቬንቸር የሚባለው ጎረቤት ፓርክ ግን በ75 ዶላር በሩን ከፈተ። ከ75ቱ 25ቱ በምግብ ይታሰብላችኋል። መጫወቻ የለም። መብላት፣ መራመድ፣ ፎቶ መነሳት ብቻ። ሰው ተሻምቶ ገዛው። እኔ በበኩሌ ኩባንያው ከዚያ ሳምንት የተማረው ነገር እስከ ዛሬ በዋጋው ላይ ይታየኛል።

ዋጋው በእርግጥ ያን ያህል ጨምሯል? ወይስ ሰው እያጋነነ ነው?

ሁለቱም። ጉዳዩ እንዲህ ነው።

ከ2016 ጀምሮ ዲዝኒላንድ አንድ ዋጋ የለውም። ቀኖቹን በደረጃ ከፍሎ ሰው የማይበዛበትን ቀን ርካሽ፣ ሰው የሚግተለተልበትን ቀን ውድ አድርጎታል። በ2019 መጀመሪያ ላይ ርካሹ ቀን 104 ዶላር ሆነ። ያ 104 ዶላር ከዚያ ወዲህ አልተነካም። ኮሮና መጣ ሄደ፣ እንቁላል ተወደደ፣ ቤንዚን ተወደደ፣ እሱ እዚያው ነው።

አሁን ደግሞ ውዱን ቀን እዩት። ፌብሩዋሪ 2020፣ በሩ ከመዘጋቱ አንድ ወር በፊት፣ 154 ዶላር ነበር። ኦክቶበር 2021 ላይ 164 ሆነ። በ2022 ወደ 179፣ በ2023 ወደ 194፣ በ2024 ወደ 206፣ በ2025 ወደ 224 ወጣ። ሁሌም ኦክቶበር ላይ ነው የሚጨምሩት። ቀጠሮ ያለው የቤት ኪራይ ጭማሪ ይመስላል።

እንግዲህ ታችኛው ጫፍ ቆሟል፣ ላይኛው ጫፍ 70 ዶላር ሄዷል። ኩባንያው «ዋጋችን አሁንም ከ104 ዶላር ይጀምራል» ሲል አልዋሸም። በክሪስማስ ሳምንት የሄደው ጎረቤታችሁ «በሰው ከ200 ዶላር በላይ ከፈልኩ» ሲልም አልዋሸም። ሁለቱ የሚያወሩት ስለተለያየ ቀን ነው።

የሁለት ቀን ቲኬትም አልዳነም። ኦክቶበር 2022 ላይ ከ255 ወደ 285 ዶላር ሄደ፣ በ2024 ደግሞ 330 ደረሰ።

ለምን እንዲህ አደረጉ? የጠፋውን ገንዘብ ለማስመለስ ነው?

በከፊል። ግን «ኪሳራ ማካካሻ» ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሁለት ዓመት በኋላ ይቆም ነበር።

መጀመሪያ ሲከፈት የሚገባው ሰው በመንግሥት ትእዛዝ የተገደበ ነበር፤ ወደ 25 በመቶ ገደማ። እስከ ጁን 15፣ 2021 ድረስም ለካሊፎርኒያ ነዋሪ ብቻ ነበር። ቀን ሳያስይዙ መምጣት ቀረ። ኩባንያው በዚያ አጋጣሚ ሰዉን በቀን መደልደል ቻለ። ጥቂት ሰው፣ ግን እያንዳንዱ ብዙ የሚያወጣ፣ ከብዙ ሰው ጋር የሚስተካከል ገቢ እንደሚያስገኝ አየ። ይህ የንግድ ብልጠት ነው፤ ለቤተሰብ ግን መራራ ነው።

የሠራተኛ ደመወዝም አለበት። በ2024 በተፈረመው የሠራተኛ ማኅበራት ስምምነት የብዙዎቹ መነሻ በሰዓት 24 ዶላር ሆኗል። ይሄኛው ጭማሪ ቢከፋኝም አይከነክነኝም።

ኖቬምበር 2022 ላይ ወደ ሥራ አስኪያጅነቱ የተመለሰው ቦብ አይገር ራሱ በ2023 ዋጋ ላይ ትንሽ ሳናበዛው አልቀረንም የሚል ነገር ተናግሯል። ከዚያ በኋላ የ104 ዶላር ቀኖች ቁጥር ተጨመረ፣ የልጆች ቅናሽ መጣ። ላይኛው ዋጋ ግን እሱ ከተመለሰም በኋላ በየኦክቶበሩ መውጣቱን አላቆመም።

የ104 ዶላሩ ቀን የት ነው የሚገኘው? ፈልጌ አጣሁት።

ቅዳሜና እሑድ ላይ ስለፈለጋችሁት ነው። በተለምዶ የሚገኘው ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ፣ እንዲሁም ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት የሥራ ቀናት ነው፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ትምህርት ቤት ክፍት የሆነበት ጊዜ ማለት ነው። ድረ ገጹ ላይ የቀን መቁጠሪያውን ክፈቱና በየቀኑ ሥር የተጻፈውን ዋጋ ተመልከቱ። ስለ ሆቴል፣ ስለ ጥቅል፣ ስለ ምናምን የሚመጣውን ማስታወቂያ እለፉት።

የእኛ በዓላት እዚህ ላይ ያግዛሉ። እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ በርካሹ ወቅት መሀል ይወድቃል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። የፈረንጆቹ እረፍት አልቆ ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ፣ የፓርኩ የገና ጌጥ ደግሞ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይነሳ ያገኛችኋል። ጥምቀት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን እረፍት ጋር የሚጋጭበት ዓመት አለ፣ በ2026 ሁለቱም ጃንዋሪ 19 ናቸው። በዚያ ሳምንት መጨረሻ ርካሽ የሚባል ነገር አትጠብቁ።

የካሊፎርኒያ ነዋሪ ቅናሽ እንዴት ነው የሚሠራው?

ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ከተከፈተ በኋላ በየዓመቱ መጀመሪያ አካባቢ ለነዋሪ የሦስት ቀን ቲኬት በቅናሽ ይሸጣሉ። በ2022 ለደቡብ ካሊፎርኒያ ነዋሪ ሦስቱ ቀን 199 ዶላር ነበር፤ በቀን 67 ገደማ። በ2023 ለመላው የካሊፎርኒያ ነዋሪ በቀን 73 ሆነ። በ2024 ወደ 75 ወጣ። በ2025 ለደቡብ ካሊፎርኒያ ተመልሶ 199 ሆነ። ያው ዋጋ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመለስ አይቼ ዓይኔን አላመንኩም።

አሁን የሚያበቃባቸውን ቀኖች እዩ። የ2022ቱ ሜይ 26፣ የ2023ቱ ሜይ 25፣ የ2025ቱ ሜይ 15። ሜሞሪያል ዴይ (የሜይ የመጨረሻው ሰኞ) ሲቃረብ ይሄኛው ቅናሽ ይጠፋል። የ2025ቱ ደግሞ ፓርኩ 70ኛ ዓመቱን ማክበር ከመጀመሩ በአንድ ቀን ቀድሞ ነው ያለቀው። ድግሱ ሜይ 16 ተጀመረ፣ ቅናሹ ሜይ 15 ተዘጋ። እንግዳ በራሱ በሚመጣበት ቀን ማን ቅናሽ ይሰጣል?

ደቡብ ካሊፎርኒያ ማለት በዚፕ ኮድ ከ90000 እስከ 93599 ያለው ነው። ኢንግልዉድም፣ ሎንግ ቢችም፣ ሳን ዲያጎም ውስጥ ናቸው። ሳን ሆዜና ኦክላንድ ያላችሁ የምትገቡት ቅናሹ ለመላው ካሊፎርኒያ ሲሆን ብቻ ነው።

ሦስቱን ቀን በተከታታይ መሄድ ግዴታ አይደለም። አንዱን ጃንዋሪ፣ አንዱን ማርች፣ አንዱን ሜይ ማድረግ ትችላላችሁ። ግን ጊዜው ሲያልፍ ያልተጠቀማችሁበት ቀን ይቃጠላል። ሁለት ቀን ሄደው ሦስተኛውን የረሱ ሰዎች ሞልተዋል። አንደኛዋ ባለቤቴ ናት፤ እሷ ደግሞ እኔ ነኝ የረሳሁት ትላለች።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው። እኔ ነዋሪ ስለሆንኩ በእኔ ስም ልግዛለት?

አይሆንም። እያንዳንዱ አዋቂ በር ላይ የራሱን መታወቂያ ያሳያል፣ አድራሻው የካሊፎርኒያ መሆን አለበት። ፓስፖርት ላይ አድራሻ የለም። «እኔ ጋ ነው ያረፈው» ማለትም አይሠራም።

ለእሱ የሚሆነው የ104 ዶላሩ ቀን ነው። አመጣጡ በክረምት ከሆነ፣ ማለትም ጁላይ ላይ፣ ዋጋው ይወጣል። እንግዲህ ቀኑን መምረጥ ከቻለ የኦገስት መጨረሻን ይምረጥ። ካልቻለ ደግሞ እውነቱን ንገሩት። እኔ አንዱን የአጎቴን ልጅ «በዚህ ብር ሳን ዲያጎን ሁለት ቀን ላሳይህ» ብዬው በጣም ነው የተደሰተው። ዲዝኒላንድ ካልሄድክ አሜሪካ አልሄድክም የሚል ሕግ የለም።

የልጆች ዋጋ ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው?

ከ3 ዓመት በታች ነጻ ነው። ከ3 እስከ 9 የልጅ ዋጋ ይከፍላል። 10 ዓመት የሞላው እንደ አዋቂ ይቆጠራል፣ ምንም እንኳን ቁመቱ ወገባችሁ ላይ ቢሆን።

የልጅ መደበኛ ዋጋ ከአዋቂው ብዙም አይለይም። 104 ዶላር በሆነበት ቀን የልጁ 98 ነው። ስድስት ዶላር! ስለዚህ ልጆች ላላቸው እውነተኛው ቅናሽ የተለየው የልጆች ቲኬት ነው። በ2024 ከጃንዋሪ 8 እስከ ማርች 10 ድረስ ከ3 እስከ 9 ዓመት ያለ ልጅ በ50 ዶላር ገብቷል። በ2025 መጀመሪያም ተመልሷል። ደስ የሚለው ነገር ይሄኛው የነዋሪ መታወቂያ አልጠየቀም። ከዳላስም ይምጣ ከአዲስ አበባ፣ ልጅ ልጅ ነው።

አንድ ምክር፦ ልጃችሁ ሁለት ዓመት ከዐሥር ወር ከሆነ ልደቱን አትጠብቁ፣ አሁን ውሰዱት። ከሁለት ወር በኋላ ያው ልጅ ዱምቦ የሚባለውን ያንኑ በራሪ ዝሆን ሊያይ 98 ዶላር ያስከፍላችኋል።

እናቴ 72 ዓመቷ ነው። የአረጋዊ ቅናሽ አለ?

ዲዝኒላንድ የለውም። እዚያው አቅራቢያ ቡዌና ፓርክ ያለው ናትስ ቤሪ ፋርም የሚባለው መጫወቻ ፓርክ ግን 62 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው የተለየ ዋጋ አለው። እማማ የሚፈልጉት ወንበርና ጥላ ከሆነ ናትስ ያዋጣል።

ድሮ በነጻ ሰልፍ የምንዘልበት ፋስትፓስ የት ሄደ?

አረፈ። ከ1999 ጀምሮ ነጻ ነበር። ወረቀቱን ከማሽኑ ትወስዳላችሁ፣ ሰዓቱ ሲደርስ በአጭሩ ሰልፍ ትገባላችሁ። ከመዘጋቱ በኋላ አልተመለሰም። በቦታው ዲሴምበር 2021 ላይ ጂኒ ፕላስ የሚባል መጣ፣ በሰው በቀን 20 ዶላር። ኦክቶበር 2023 ላይ 30 ሆነ። በ2024 ስሙን ላይትኒንግ ሌን መልቲ ፓስ አሉት፣ ዋጋውም 32 ደረሰ። ስም ሲቀየር ዋጋ አብሮ መቀየሩ የተለመደ ነው።

ለእኔ ከመዘጋቱ በኋላ የመጣው ትልቁ ጭማሪ ይሄ ነው። በቲኬቱ ላይ አይታይም። በ2024ቱ ዋጋ ለአራት ሰው 128 ዶላር ማለት ነበር፤ በርካሹ ቀን ከአንድ ተጨማሪ ሰው መግቢያ ይበልጣል።

ታዲያ ያስፈልጋል? ሰው በማይበዛበት ማክሰኞ አያስፈልግም። ጠዋት በር ሳይከፈት ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ትልልቆቹን ጨርሱ። (በእኛ አቆጣጠር ነው የምለው፤ አንድ ወዳጄ በፈረንጅ አምስት ሰዓት መስሎት ከሰዓት በኋላ ደውሎ ሲያማርር ውሏል።) በቅዳሜ ከሄዳችሁና ቀናችሁ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ግዙት። በቀን ሦስት መጫወቻ ብቻ አይታችሁ ከመመለስ ይሻላል።

ዓመታዊ ፓስ መግዛት ያዋጣል?

በፊት ያዋጣ ነበር፤ አሁን ሒሳብ ይፈልጋል። የድሮው ዓመታዊ ፓስ ጃንዋሪ 2021 ላይ በሩ ሳይከፈት ተሰረዘ፣ ላልተጠቀሙበት ጊዜም ገንዘብ ተመለሰ። ኦገስት 25፣ 2021 ማጂክ ኪ መጣ። አራት ዓይነት ነበር። ለደቡብ ካሊፎርኒያ ነዋሪ የሆነው 399፣ ትልቁ ድሪም ኪ ደግሞ 1,399 ዶላር። ትልቁ ዓይነት ኦክቶበር 2024 ላይ 1,749 ደርሷል።

ድሪም ኪ ፍርድ ቤት ደርሷል። የተከለከለ ቀን የለውም ተብሎ ነው የተሸጠው። አንዲት ገዢ ቀን ላስይዝ ስትል ለሌላ ቲኬት ክፍት የሆነው ቀን ለእሷ ሞልቷል ተባለች። ከሰሰች። ነገሩ በ9.5 ሚሊዮን ዶላር እርቅ አለቀ። ከ103,000 በላይ ባለ ፓስ ነበረበት፤ ሲከፋፈል ለአንድ ሰው 92 ዶላር ገደማ። የጠበቃው ሲቀነስ የሚደርሰው 67 ዶላር ገደማ፣ የአንድ ቤተሰብ ምሳ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ነገር፦ ፓስ መያዝ መግቢያ መያዝ አይደለም። ቀን ማስያዝ አለባችሁ። አስይዛችሁ ሳትሰርዙ ከቀራችሁ፣ ያውም በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ ለ30 ቀን ማስያዝ ትከለከላላችሁ። ቅርብ ከሆናችሁና በዓመት ከስድስት ሰባት ጊዜ በላይ የምትሄዱ ከሆነ አስቡበት። «ፓስ ካለን እንሄዳለን» ብላችሁ የምትገዙት ከሆነ የጂም አባልነታችሁን አስታውሱ።

ቴሌግራም ላይ «የተረፈኝ ቲኬት በግማሽ ዋጋ» የሚል አየሁ። ልግዛ?

በፍጹም። ይቺን የምናገረው ከራሴ ደርሶብኝ ነው።

አንድ የማላውቀው ሰው በአንድ ግሩፕ ላይ ከአምስት ቀን ቲኬት ሁለት ቀን ተርፎኛል አለ። በ60 ዶላር። ላክሁለት፣ ባርኮዱን ላከልኝ። በር ላይ ስንደርስ ሠራተኛዋ ስካን አደረገችው። በእጇ ያለው መሣሪያ ላይ ፎቶ ወጣ። ራሰ በራ፣ ጺሙ የረዘመ ፈረንጅ። እሷ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ አልኩ። ልጄ ብቻ አልገባውም፣ «ዳዲ እሱ ማነው?» ይላል። ያን ቀን በር ላይ ሙሉ ዋጋ ከፍዬ ነው የገባሁት። ሰውዬውን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

የብዙ ቀን ቲኬት የመጀመሪያ ቀን ሲገባ የባለቤቱ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው አይሆንም። ያ ሰው ቢዋሽም ባይዋሽም፣ እናንተ አትገቡም።

ታዲያ ሕጋዊ የሆነ ትንሽ ቅናሽ የት አለ?

ትንሽ እስካላችሁ ድረስ አለ። የታርጌት ካርድ ያላችሁ የዲዝኒ ጊፍት ካርድ በ5 በመቶ ቅናሽ መግዛት ትችላላችሁ። በጊፍት ካርዱ ቲኬትም፣ ምግብም ይገዛል። 800 ዶላር ለማውጣት ካሰባችሁ 40 ዶላር ተረፈ፤ የመኪና ማቆሚያውን ቻለ ማለት ነው። ማቆሚያው 30 የነበረው በ2023 35 ሆነ። በ1955 25 ሳንቲም ነበር፤ ይሄን የምነግራችሁ እንድትናደዱ ነው።

ወታደር በቤተሰቡ ውስጥ ያለ ሰው በየዓመቱ የሚወጣውን የሠራዊት ቲኬት ይጠይቅ። የሥራ ቦታችሁንና የክሬዲት ዩኒየናችሁንም ጠይቁ። ከዚህ ውጭ በግማሽ ዋጋ የሚል ሁሉ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ሆቴል ሊሸጥላችሁ ነው።

ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል?

ይቻላል! ይሄን ሰው አያውቅም። ብርጭቆና የብርጭቆ ጠርሙስ አይገባም፣ አልኮል አይገባም፣ ትልቅ የበረዶ ሳጥን አይገባም፣ መሞቅ የሚፈልግ ነገርም አይፈቀድም። የቀረው ይገባል።

እኛ የምንይዘው ይህን ይመስላል። ዳቦ ቆሎ በዚፕሎክ። የበሰለ ሙዝ። የተጠቀለለ ፍርፍር በፎይል፤ ቀዝቃዛ ቢሆንም ልጆቹ አልጠሉትም። ለእኔ በሶ። ባለፈው ቦርሳ የሚፈትሸው ወጣት የበሶውን ላስቲክ ከፍቶ አሸተተና «ምንድን ነው?» አለኝ። «ገብስ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና መለሰልኝ።

ውሃ አትግዙ። ምግብ በሚሸጡባቸው መስኮቶች ውሃ በኩባያ፣ በረዶ ያለበት፣ ብትጠይቁ በነጻ ይሰጣሉ። በዚያው ቀን ወጥቶ መመለስም ይፈቀዳል። ምሳችሁን መኪና ውስጥ ትታችሁ በትራም ሄዳችሁ መብላት ትችላላችሁ። ትራሙ ራሱ ፓርኩ ከተከፈተ በኋላ እስከ ፌብሩዋሪ 2022 አልተመለሰም ነበር። ሰው ለማቆሚያ ከፍሎ ጋሪ እየገፋ በእግሩ ነበር የሚደርሰው። ያኔ የሄዱ ሰዎች አሁን ትራሙን ሲያዩ ያመሰግናሉ።

ቲኬት አለኝ፣ ቀን ግን አላስያዝኩም። እገባለሁ?

ቀኑ ከሞላ አትገቡም። የፍሎሪዳው ፓርክ ቀን የተቆረጠለት ቲኬት ለያዘ ሰው ይህን ግዴታ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ አንስቷል። አናሃይም ያለው የእኛው ዲዝኒላንድ ግን ከዚያም በኋላ ይዞት ቆይቷል። ስትገዙ አረጋግጡ። በተለይ የሦስት ቀን ቲኬት የገዛችሁ፣ ሦስቱንም ቀን በገዛችሁበት ምሽት አስይዙ። መቀየር ይቻላል።

ፍሎሪዳ አይሻልም?

ትልቅ ነው፣ አራት ፓርክ ነው፣ ሳምንት ይፈልጋል። ድሮ ሆቴላቸው ላረፈ ሰው ከኤርፖርት የሚወስደው ነጻ አውቶቡስ ከመዘጋቱ በኋላ ቀርቷል። የሆቴሉ የመኪና ማቆሚያ ክፍያ ግን በጃንዋሪ 2023 ተነስቷል። አንዱን ሰጥቶ አንዱን መንሣት ነው። ከሎስ አንጀለስ ተነስቶ ወደዚያ መሄድ አይታየኝም።

እኛ ዲሲ አካባቢ ነን። ለእኛስ?

ሜሪላንድ የነበረው መጫወቻ ፓርክ፣ ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ፣ ኖቬምበር 2፣ 2025 ለመጨረሻ ጊዜ ተዘግቷል። ብዙ የሐበሻ ልጅ ያደገበት ቦታ ስለነበር ያሳዝናል።

ከዚያ በፊት የፓርኩ ባለቤት፣ ሲክስ ፍላግስ ኩባንያ፣ ያለፈበት መንገድ ግን ስለ ቅናሽ ብዙ ያስተምራል። ኖቬምበር 2021 ላይ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ፣ ሰሊም ባሱል። ቅናሽ አበዛን፣ ዋጋ ይጨመር፣ ሰው ቢቀንስ ይቀንስ አለ። ሰዉ ቀነሰ። በ2021 27.7 ሚሊዮን የነበረው ጎብኚ በ2022 ወደ 20.5 ሚሊዮን ወረደ። ዲዝኒ ያደረገውን ለማድረግ ሚኪ ማውስ ያስፈልጋል። የሰፈር መጫወቻ ዋጋ ሲጨምር ሰው ዝም ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። በጁላይ 2024 ሲዳር ፌር ከሚባል ሌላ የመጫወቻ ፓርኮች ኩባንያ ጋር ተዋሐዱ።

አሁን ቅርባችሁ ያለው ቨርጂኒያ፣ ዶስዌል የሚገኘው ኪንግስ ዶሚኒየን ፓርክ ነው፣ በ95 መንገድ 80 ማይል ገደማ። ከዚያ አልፎ ዊልያምስበርግ ቡሽ ጋርደንስ አለ። የእነዚህ ስሌት ከዲዝኒ የተለየ ነው። በር ላይ የሚጠየቀው ዋጋ ለማስፈራራት የተጻፈ ይመስላል። ማንም የሚያውቅ ሰው በሱ አይገባም። ቀድሞ በድረ ገጽ የሚገዛው ብዙ ይቀንሳል። የወቅቱ ፓስ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሁለት ጉብኝት ዋጋውን ይመልሳል። ፓሱ በብዛት የሚረክሰው ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ለቀጣዩ ዓመት ሲሸጥ ነው፤ ሴፕቴምበር አካባቢ ዓይናችሁን ጣሉ።

በአጭሩ አራት ሰው ስንት ይዘን እንሂድ?

ሁለት አዋቂ፣ ሁለት ልጅ፣ ከ3 እስከ 9 ዓመት ያሉ። የልጆች ቅናሽ ባለበት የጃንዋሪ ማክሰኞ ብትሄዱ፣ በ2025 መጀመሪያ በነበረው ዋጋ፦ አዋቂዎቹ 208፣ ልጆቹ 100፣ ማቆሚያ 35። 343 ዶላር። ፍርፍሩ ከቤት ነው።

በውዱ ቀን ብትሄዱ ሁለቱ አዋቂዎች ብቻ 448 ናቸው። ልጆቹን፣ ማቆሚያውን፣ ሰልፍ መዝለያውን ሳልቆጥር። ምግቡንማ ተዉት።

በልጆቹ አገባብ ግን ለውጥ የለውም። የኔዎቹ ከሁለቱም ቀን ሲመለሱ መኪናው ፍሪዌይ ሳይወጣ ነው የሚተኙት።